የሚንተከተከው ጠርሙስ

«የጉንችሬዋን ሴትዮ ልጅ የጨረሰው ጠርሙሱ ነው» አለች አሰገደች። ይህን ስትል ለስንተኛ ጊዜ እንደሆነ መቁጠሩን ሰሚዎቿ ትተውታል። ከቸሃ ባመጣት ሚኒባስ ውስጥ ለተሳፋሪው ሁሉ ተናግራዋለች። ወልቂጤ ሆስፒታሉ በር ላይ ቦርሳዋን ለፈተሸው ጥበቃ ተናግራዋለች። አሁን ደግሞ የቡላ አጥሚት ያለበትን ፔርሙስ እንደ ሕፃን ታቅፋ፣ የማዋለጃው ኮሪደር አግዳሚ ላይ ተቀምጣ፣ ለወንድሟ ልጅ ለይትባረክ ትነግረዋለች።

«አፍንጫው ላይ ቱቦ ሰኩበት። የቱቦውን ጭራ ውሃ ያለበት ጠርሙስ ውስጥ ከተቱት። ከዚያ ውሃው ይንተከተካል። ሌት ተቀን ይንተከተካል። ያ የሚንተከተከው እንግዲህ ምንድነው? የልጁ ነፍስ ነዋ።»

«አክስቴ፣ እስቲ ተይው።»

«ልተወው። እኔ ግን ለቅሶው ላይ ነበርኩ። አባትየው ሬሳውን በጋቢ ጠቅልሎ ብቻውን ነው የመጣው። እናቲቱ እዚያው ሆስፒታል ቀረች፣ አእምሮዋን ስታ ነው አሉ። ለገዛ ልጇ ለቅሶ ያልመጣች እናት አይተህ ታውቃለህ?»

ይትባረክ አይቶ አያውቅም። እሱ የሚያውቀው ጎማ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ በሚያልፈው መንገድ ዳር፣ ቆርቆሮ በለበሰች ቤት ውስጥ ኮምፕሬሰሩን ተክሎ ጎማ ሲሠራ ኖሯል። የሲኖትራክ ሹፌሮች ሌላ ጎሚስታ አልፈው እሱ ጋ የሚቆሙት ስለማይዋሽ ነው፤ ቀዳዳ ከሌለ የለም ይላል፣ ካለ ደግሞ እስኪያገኘው ምሳ አይበላም። የአሮጊት ወሬ የሚሰማ ሰው አይደለም። ጸሎት ቤት እንኳ ሰባኪው ያለ ምዕራፍና ቁጥር ሲናገር ፊቱ ይቋጠራል።

ልጁ የተወለደው በትናንትናው ከሰዓት ነው። የትርሲት የደም ግፊት ጣራ ነክቶ፣ ሐኪሙ እናቲቱን ለማትረፍ ልጁ አሁኑኑ መውጣት አለበት ብሎ በኦፕራሲዮን አወጣው። ቀኑ ገና ነበር። ይትባረክ በየቀኑ የሚያነሳው የጎማ መፍቻ ብረት ከልጁ ይከብዳል። ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ ተፀንሶ የወረደባቸው ሰዎች ናቸው፤ ትርሲት የዩኒፎርም ስፌቷን ትታ ወራቱን አልጋ ላይ ያሳለፈችው ለዚህ ለአንዱ ነው። ሐኪሙ ደግሞ ሆዷን ሲሰፋ አንድ ነገር አክሏል፦ ሌላ እርግዝና ሕይወቷን ሊወስድ ይችላል። እናም ይኼኛው የመጀመሪያውም የመጨረሻውም ነው። ስም አውጥታለታለች፤ ለባሏ ግን አልነገረችውም። «ከዚያ ክፍል ሲወጣ ነው የምነግርህ» አለችው። «አሁን ከጠራሁት ይሄድብኛል።»

እስከዚያው የሕፃኑ አልጋ ግርጌ ላይ በተለጠፈው ፕላስተር «የትርሲት ልጅ» ተብሎ ተጽፏል።

አሰገደች ለዘመድነቷ ተፈቅዶላት ቀድማ ገብታ አይታው ነበር። የወጣችው በተቋጠረ ከንፈር ነው። «ያቺ ነርስ፣ የሰሜን ሰው ናት፣ ምላሷ ቢላ ነው፣ ምን አለችኝ መሰለህ? ውሃው ሲንተከተክ ደግ ነው፤ ዝም ሲል ጥሩኝ አለችኝ። ሲንተከተክ ደግ ነው። እኔን ልጅ ያላሳደግኩ አድርጋ።»

«እስቲ እኔ ልየው» ብሎ ተነሳ።

የጨቅላ ሕፃናቱ ክፍል ይሞቃል። ነርሷ፣ ሲስተር የሺ፣ እጁን እስከ ክርኑ አሳጥባ፣ ጋውን አልብሳ አስገባችው። የአውደ ርዕይ ዕቃ የሚያሳይ ሰው ትዕግሥት የላትም፤ ለስምንት ሕፃን ያለችው አንድ እሷ ናት። ልጁን ባየው ጊዜ ይትባረክ መጀመሪያ ያስተዋለው ደረቱን ነው። በተነፈሰ ቁጥር ከጎድኑ ሥር ያለው ቆዳ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል። እንደ ትልቅ ሰው ያቃስታል። ሁለት አጫጭር ቀንድ ያለው ነገር አፍንጫው ላይ ተሰክቷል፤ በአንድ በኩል ኦክስጅኑ የሚመጣበት ቱቦ፣ በሌላው በኩል ደግሞ ወደ ታች ወርዶ ጠርሙሱ ውስጥ የሚገባው። ጠርሙሱም እንደተባለው ይንተከተካል።

«ሳንባው ገና አልበሰለም» አለች ሲስተር የሺ፣ የሌላ ሕፃን ሽንት ጨርቅ እየቀየረች። «ትንፋሹን ባስወጣ ቁጥር ይከደናል። እንደገና ለመክፈት ደግሞ አቅም የለውም። ይኼ ሲፓፕ ይባላል። አየሩን በግፊት ይዞ ሳንባውን እንዳይከደን ያደርገዋል። አይቀድም፣ አይወጋም፣ በአፍንጫው ብቻ ነው። ከትናንት ዛሬ ይሻላል።»

«ግፊት?»

«ግፊት።»

«ታዲያ ግፊት ከሆነ ለምን ያፈሳል?»

ቀና ብላ አየችው። «አያፈስም። እንደዚያ ነው የሚሠራው። እንዳትነኩት።»

ይትባረክ ከክፍሉ ሲወጣ ልቡ ውስጥ አንድ ነገር ቁጭ አለ። «እንደዚያ ነው የሚሠራው» የሚለውን መልስ ያውቀዋል። የመኪናህ ሞተር ለምን ያንኳኳል ብለህ ስትጠይቀው ያልገባው መካኒክ የሚመልስልህ ይህንኑ ነው።

ትርሲት አልጋዋ ላይ በጀርባዋ ተኝታ፣ መቀመጥ ስለማትችል፣ ጣራ ጣራውን እያየች ጠበቀችው።

«እንዴት ነው?»

«ያቃስታል። ግን ከትናንት ይሻላል ብላኛለች።»

«ጠርሙሱስ? አክስትህ...»

«አክስቴን ተያት።»

«ሐኪሙ ሲጠይቀኝ እሺ ያልኩት እኔ ነኝ» አለች። «አንተ ደም ልትሰጥ ሄደህ ነበር። በአፍንጫው ትንፋሽ እናግዘው አለኝ፤ እሺ አልኩ። ጥሩ አደረግኩ አይደል?»

«ጥሩ አደረግሽ።»

በማግስቱ ጠዋት ሱቁን ለጥቂት ሊከፍት ሄደ። መቀመጥ አላስቻለውም፤ እጁ ሥራ ሲይዝ ጭንቅላቱ ይሰበሰባል። ገና ቆርቆሮውን ሳያነሳ ሀቢቡ ሚኒባሱን አስጠግቶ ወረደ። ሀቢቡ የጉንችሬ መስመር ሹፌር ነው፤ ከጎማው ይልቅ ጎማውን እያሠራ የሚያወራው ይበዛል።

«አሰላሙ አለይኩም ይትባ። የኋላው ተነፈሰብኝ። ልጁ እንዴት ነው?»

«ያፈሳል።»

«ልጁ?»

«ጠርሙሱ።»

ሀቢቡ ሊስቅ ብሎ ፊቱን አየና ተወው። ይትባረክ ጎማውን ፈታ፣ የውስጡን ላስቲክ መዝዞ ነፋው፣ ከዚያ በግማሽ በርሚሉ ውሃ ውስጥ እየነከረ ያዞረው ጀመር። አንድ ቦታ ላይ ቀጭን የአረፋ ክር ውሃውን ሰንጥቆ ወጣ። ይትባረክ አውራ ጣቱን አሳረፈበት፤ አረፋው ቆመ። አነሳው፤ አረፋው ቀጠለ።

«አየህ? ግፊት የያዘ ነገር አረፋ አይሰጥም። አረፋ ከሰጠ አንድ ቦታ ያመልጣል። አክስቴ ጠርሙሱ ነፍስ ይበላል ትላለች፣ ያልተማረች ናት። ነርሷ ደግሞ እንደዚያ ነው የሚሠራው ትላለች፣ የተማረች ናት። ሁለቱም ያላዩት ነገር አለ። የቱቦው ጫፍ ክፍት ነው። ለልጁ የተላከው አየር ግማሹ ውሃ ውስጥ ነው የሚቀረው። የጉንችሬዋም ልጅ የሞተው በዚሁ ይሆናል።»

«አቦ፣ አንተ ጎሚስታ ነህ እንጂ ዶክተር ነህ እንዴ?»

«አየር አየር ነው» አለ ይትባረክ።

ሀቢቡ ትከሻውን ነቀነቀ። «እኔ እንጃ። ነርሷን ደግመህ ጠይቃት።»

ሊጠይቃት አስቦ ነበር። እውነቱ ይህ ነው፤ ሊጠይቃት ነበር የሄደው። ትርሲት በስንት መከራ ያለበቻትን፣ ከኩባያው ሥር የማታልፍ ወተት ይዞ ገባ። ሲስተር የሺ ወተቱን ተቀበለችው፤ እሱ ግን አፉን ሳይከፍት ከማዋለጃ ክፍል አንዲት አዋላጅ በሩን በርግዳ «የማይተነፍስ ተወልዷል፣ ቶሎ» አለች። ሲስተር የሺ የመተንፈሻ ፊኛዋን አነሳች። የሕፃናቱን ኦክስጅን የሚለካው ማሽን አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ጥግ ላይ ባለው ሌላ ሕፃን እግር ላይ ታስሯል። በሩ ላይ ዞር አለች።

«አባት፣ አንተ እዚሁ ቁም። ውሃው ዝም ካለ ወይ ልጁ ከጠቆረ ጮኸህ ጥራኝ። እጅህን ግን እንዳታሳርፍበት።»

ሄደች። ይትባረክ ከልጁና ከጠርሙሱ ጋር ቀረ።

ልጁ ያቃስታል። ደረቱ ይሰረጉዳል። ጠርሙሱ ይንተከተካል። መጀመሪያ ላለማየት ሞከረ፤ የግድግዳውን የእጅ አስተጣጠብ ሥዕል አየ። ግን ያ ድምፅ ዕድሜውን ሙሉ ሲያሳድደው የኖረ ድምፅ ነው። ሌላ ሰው ሲሰማው ውሃ ነው፤ እሱ ሲሰማው ቀዳዳ ነው። ልጁ አንድ ጊዜ ሲያቃስት ጠርሙሱ ዐሥር ጊዜ የሚተፋ መሰለው። ያ ሁሉ አየር የልጁ ነው። ትንሽ፣ በጣም ትንሽ ነገር ነው የጎደለው፤ ሰው ሁሉ አልፎት ሄደ እንጂ አንድ ቋጠሮ ነው።

ኪሱ ውስጥ ከአሮጌ ጎማ የተቀደደ ቀጭን የላስቲክ ጥብጣብ አለ። ሁልጊዜም አለ፤ ያለ እሱ ከቤት ወጥቶ አያውቅም። ቱቦውን ከጠርሙሱ በቀስታ መዘዘው። ጫፉን አጠፈው። በጥብጣቡ ዙሪያውን ጠመጠመ፣ ሳበ፣ ቋጨ። ሥራው ንጹሕ ነበር።

ውሃው ጸጥ አለ።

ከዚያ ልጁን አየ። ደረቱ መሰርጎዱን ትቷል። ቀስ ብሎ ሞላ፣ ከፍ አለ። ማቃሰቱም ቆመ። ይትባረክ ወንበሩ ላይ ቁጭ አለና ዓይኑን ጨፍኖ «ጌታ ሆይ ተመስገን» አለ። ለትርሲት እንዴት እንደሚነግራት ያስብ ነበር። መጀመሪያ አይነግራትም፤ ልጁ ወጥቶ፣ ስሙ ተነግሮ፣ አክስቱም ነርሷም ባሉበት፣ ቀለል አድርጎ፣ እንደ ቀልድ ያወራዋል። እንዲህ እያሰበ ዓይኑን ሲገልጥ የልጁ ከንፈር የጥቁር ወይን ቀለም ሆኗል። ደረቱ እንደተነፋ ነው። አይወርድም።

ጮኸ። ምን ብሎ እንደጮኸ አያውቅም።

ሲስተር የሺ እየሮጠች ገባች። ከልጁ በፊት ዓይኗ የሄደው ጸጥ ወዳለው ጠርሙስ ነው። ከዚያ የተጠመጠመውን ጥቁር ጥብጣብ አየችው። ለአንድ አፍታ ቱቦው ላይ የበቀለ ነገር ይመስል ተመለከተችው።

«ይኼን ማን አሰረው?»

«እኔ ነኝ። ያፈስ ነበር።»

በጥርሷ ነው የበጠሰችው። ቱቦውን ነቀለች፣ ፊኛዋን አፍንጫው ላይ ደፋች፣ ጆሮዋን ደረቱ ላይ አደረገች፤ በግራ በኩል ምንም አይሰማም። ሐኪሙ መጣ። በቀጭን መርፌ የልጁን ጎን ወጋ፤ አየር በፊሽታ ወጣ። ይትባረክ ግድግዳውን ተደግፎ ያንን ፊሽታ ሰማው። ምን እንደሆነ ማንም ሊያስረዳው አያስፈልግም ነበር። ሕይወቱን ሙሉ ሲሰማው የኖረ ነው።

ወደ አዲስ አበባ ለመላክ ተደወለ። አምቡላንሱ ቡታጅራ መስመር ላይ ነው፣ እየተመለሰ ነው ተባለ። ከምሳ በኋላ ሲመለስ የሚጫን አልነበረም።

ሲስተር የሺ ቱቦዎቹን ከልጁ ላይ እየነቀለች ብዙ ቆየች። ከዚያ ኮሪደሩ ላይ ይትባረክ ወደቆመበት መጣች። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣው ይሻለው ነበር።

«ውሃው ለምን እንደሆነ ልንገርህ፤ ያኔ ብነግርህ ኖሮ...» ብላ ተወችው። እንደገና ጀመረች። «የቱቦው ጫፍ ውሃው ውስጥ በተጠለቀው ልክ ነው ግፊቱ። ከልኩ ያለፈው አየር በአረፋ ይወጣል። ትርፉ ነው የሚወጣው፣ የሱ ድርሻ አይደለም። ውሃው መውጫ ባይሰጠው...»

«ይፈነዳል» አለ ይትባረክ።

«አዎ።»

ጥብጣቡን መዳፉ ላይ አኖረችለት። «ለእናቲቱ እኔ አልናገርም። አፍ አለህ።»

አፍ ነበረው። የትርሲት አልጋ ጠርዝ ላይ ተቀምጦ እጇን ይዞ፣ ጭንቅላቱን ደፍቶ፣ አፉን ከፈተ። ግን አሰገደች ቀድማው ክፍሉን በእንባ ሞልታዋለች። «ብዬ ነበር። ጠርሙሱ ነው ብዬ ነበር። ማን ይሰማኛል።»

ትርሲት ባሏን አየችው። «አንተ እዚያ ነበርክ። ጠርሙሱ ነው?»

ሁለት ቃል ነው የሚያስፈልገው። «እኔ ነኝ።» ለነርሷ እንዴት ቀሎት እንደወጣ አስታወሰ፤ ያኔ ስህተት መሆኑን አያውቅማ።

«ጠርሙሱ ነው» አለ።

ትርሲት አላለቀሰችም። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። «እሺ ያልኩት እኔ ነኝ» አለች፣ ለግድግዳው።

ለእንዲህ ያለ ሕፃን ድንኳን አይጣልም። ጎረቤት ሁለትም ሦስትም እየሆነ ብቅ ይላል፤ ከጸሎት ቤት ሰዎች መጥተው ዘምረው፣ ጸልየው ይሄዳሉ። ትርሲት ፍራሽ ላይ ሆዷን ይዛ ትቀመጣለች። ሰው በገባ ቁጥር አሰገደች ታሪኩን ከመጀመሪያው ትጀምረዋለች፤ አሁን ግን የጉንችሬዋ ልጅ ብቻውን አይደለም። «ሁለት ሆኑ» ትላለች፣ ሁለት ጣቷን አንስታ። «የጉንችሬዋ፣ አሁን ደግሞ የኛ።» ሰሚውም ከንፈሩን ይመጥጣል። ከጎረቤት አንዲት ነፍሰ ጡር ተነስታ ሆዷን በነጠላዋ ሸፍና ወጣች።

ይትባረክ በሩ አጠገብ ተቀምጦ ይሰማል። እጁ ኪሱ ውስጥ ነው፤ ጥብጣቡ ጣቱ ላይ ተጠምጥሟል። አክስቱ በተናገረች ቁጥር ያ ውሸት ትንሽ ትንሽ ወፍራም ይሆናል፤ እሱም ከኋላው ይደበቃል። ያልተማረች ናት ያላት አሮጊት አሁን ጣራው ሆናለች። ትርሲት ደግሞ በእያንዳንዱ ድግግሞሽ ትንሽ ትንሽ ታንሳለች። ሌሊት ከጎኑ ተኝታ «ስሙን ልንገርህ?» አለችው አንድ ጊዜ። «አዎ» ሲላት «ተወው» አለች።

አንድ ቀን ከሰዓት የሀቢቡ ሚኒባስ በር ላይ ቆመ። ሀቢቡ ዛሬ አላወራም፤ «እንግዳ አምጥቻለሁ» ብቻ ብሎ ገለል አለ። ከኋላው አንዲት ቀጭን ሴት ገባች። ጀርባዋ ላይ የሱፍ ኮፍያ ያጠለቀ፣ ዓመት ያለፈው ልጅ ታዝሏል። ጫማዋን አውልቃ፣ ትርሲትን ግንባሯን ሳመቻት፤ ከዚያ ወደ አሰገደች ዞራ ጎንበስ አለች።

«እትዬ አሰገደች፣ ከቸሃ ድረስ ለልጄ ለቅሶ መጥተው ነበር ብለውኛል። ያኔ አላገኘሁዎትም። ሐዘን እንደነካችሁ ከሀቢቡ ሰማሁና ለቅሶዬን ልመልስ መጣሁ። ቅድስት እባላለሁ፤ የጉንችሬዋ።»

አሰገደች እጇን አፏ ላይ አደረገች። «አንቺ ነሽ? ልጄ፣ አእምሮዋን ስታለች ብለውኝ፤ እኔ ስላንቺ ስንቱን... ተመስገን ሌላ ሰጠሽ። ሌላ ሰጥቶሻል እኮ።» ወደ ትርሲት ዞረች። «አየሽ፣ እሷም በጠርሙሱ ነው ያጣችው። አሁን ተክሶላታል።»

ሴትዮዋ ልጁን ከጀርባዋ አውርዳ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። ልጁ የኮፍያውን ክር ወደ አፉ ከተተ። ሴትዮዋ ግራ ተጋብታ ከአንዱ ወደ ሌላው ታያለች።

«ሌላ አይደለም» አለች። «ለቅሶው ላይ ያልነበርኩት ከዚህኛው ጋር ሆስፒታል ስለነበርኩ ነው። መንታ ነበሩ። ሁለቱም ትንፋሽ አጥሯቸው ነው የተወለዱት፤ ጠርሙሱ ደግሞ ያን ቀን አንድ ብቻ ነበር። ከአዲስ አበባ ሌላ ፈልገው እስኪያመጡ አንዱ አልጠበቀም።»

ይትባረክ በሩ አጠገብ እጁን ከኪሱ አላወጣም። ትርሲት ግን ፍራሹ ላይ ቀና ብላ ነበር፤ ልጁን ነው የምታየው፣ ደረቱን።

«የቱ?» አለች። «የትኛው ነው ጠርሙሱ ላይ የነበረው?»

ቅድስት የልጁን ኮፍያ አስተካከለች።

«ይኼ ነዋ» አለች። «የሞተው ጠርሙሱ ያልደረሰው ነው።»